ቤትን ለሃሎዊን ማስጌጥ፦ ከመንገዱ ማዶ እስከ በሩ

የሃሎዊን ጌጥ የሚሠራው ለመንገደኛ ዓይን ነው። ሳሎናችሁን የፈለጋችሁትን ያህል ብታሳምሩ፣ ከረሜላ ሊለቅም የሚመጣው ልጅ አያየውም። እሱ የሚያየው ከእግረኛ መንገዱ እስከ በራችሁ ያለችውን ጥቂት ሜትር ነው፤ ያውም በጨለማ። ብዙ ሰው ግን ሱቅ ገብቶ ያገኘውን ሁሉ በጋሪ ይጭንና በጠራራ ፀሐይ ሣሩ ላይ ይበትነዋል። ሲመሽ ምንም አይታይም። ስለዚህ እዚህ የምንሄድበት ቅደም ተከተል ሌላ ነው። መጀመሪያ መብራት፣ ቀጥሎ በር፣ ከዚያ ዱባ። የቀረው ጊዜና ገንዘብ ከተረፈ ነው።

የምጽፈው አሜሪካ ላለ አንባቢ ነው። ምሳሌዎቼም ከማውቀው ከዋሽንግተን ዙሪያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ ሰፈሮች የመጡ ናቸው። እዚያ ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጥተው «የእኛ ቤት ብቻ ነው ባዶ» ሲሉት ግራ የሚገባው ሐበሻ ወላጅ ብዙ ነው።

«ይሄ የሰይጣን በዓል አይደለም ወይ?» የሚለው ጥያቄም በየቤቱ አለ። ሃሎዊን የሚውልበት ኦክቶበር 31 በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ነው፤ ማርያም ናት። የጽጌ ጾም የሚጾመውም ያኔ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ፣ በር ላይ በተሰቀለ የራስ ቅል ሥር አልፎ መግባት የሚከብደው ሰው ቢኖር አይገርመኝም። ለእሱ ጥሩ መውጫ አለው፤ የመኸር ጌጥ። ዱባ፣ ገለባ፣ የበቆሎ አገዳ፣ አበባ፣ ሞቅ ያለ መብራት። ልጆቹ አያፍሩም፣ ሽማግሌዎቹም አይቆጡም። በኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ እስከሚውለው ታንክስጊቪንግ ድረስም ሳይነሣ ይቆያል። እኔ የማደላው ወደዚህ ነው። አፅምና ጠንቋይ የሚወድ ሰውም ቢሆን ሥራው ያው ነው፤ የሚለያየው የሚቆመው ዕቃ ብቻ ነው።

መንገዱን ተሻገሩና ቁሙ

ኦክቶበር ሲገባ አንድ ቀን ማታ ውጡና ከቤታችሁ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ቁሙ። በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ዓይን የለመደውን አያይም፤ ፎቶ ግን ያሳያል። የቆሻሻ በርሜሉ፣ የወደቀው ብስክሌት፣ የተጠቀለለው የውሃ ጎማ ሁሉ እዚያ ላይ ይወጣል። የመጀመሪያው ሥራ እነዚህን ማንሣት ነው። ምንም ሳይገዛ ቤቱ ግማሽ መንገድ ይሄዳል።

ቀጥሎ ሦስት ቦታ ምረጡ። አንዱ በሩ ነው፤ እሱ የግድ ነው። ሁለተኛው ከመንገድ የሚታይ አንድ መስኮት ወይም አንድ ዛፍ ይሁን። ሦስተኛው ከመንገዱ ወደ በሩ የሚወስደው መተላለፊያ ነው። ከዚህ በላይ ቦታ ስትይዙ ሁሉም ይሳሳል።

እዚያው ቆማችሁ ውጭ ስንት ሶኬት እንዳለ እዩ። ሶኬት ከሌለ ዕቅዱ በባትሪ መብራት ላይ መቆም አለበት። በፀሐይ የሚሞሉት አምፖሎች ርካሽ ናቸው፤ ነገር ግን በዚያ ወቅት ቀኑ እያጠረ ነው። ዛፍ ሥር ከሆኑ ደግሞ ገና በጊዜ ይደክማሉ።

ቀለምን በሚመለከት ሁለት ይበቃል። ብርቱካንማና ጥቁር የተለመደው ነው። ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ መጨመር ከፈለጋችሁ በመብራቱ ብቻ ጨምሩት። አምስት ዓይነት ቀለም ያለው ቤት ከሩቅ ሲታይ የልብስ ተራ ይመስላል።

ስለ ገንዘብም እዚህ ላይ እንነጋገር። ገንዘባችሁን መብራት ላይ አውሉ፤ መብራት ዓመት ከዓመት ያገለግላል። ወረቀቱን፣ ፋሻውን፣ ፕላስቲክ የሌሊት ወፉን ዶላር ትሪ ከሚባለው ርካሽ ሱቅ ታገኙታላችሁ። ሆም ዲፖ በ2020 ያወጣው 12 ጫማ አፅም በ299 ዶላር ሲሸጥ ሰው ተሻምቶ ነበር የጨረሰው። ያምራል፣ አልክድም። ግን ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ የሆነ ነገር አሥራ አንድ ወር የት ይተኛል? ታውንሃውስ በሚባለው ጠባብ፣ ከጎረቤት የተያያዘ ቤት ለሚኖር ሰው ይህ ቀልድ አይደለም።

መብራት

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ የምትወስዱ ከሆነ ይህንን ውሰዱ፤ መብራቱ ከታች ወደ ላይ ይብራ። እኛ ከላይ የሚመጣ ብርሃን ለምደናል። ከታች ሲመጣ ጥላው ይገለበጣል፤ የታወቀው ግድግዳና ዛፍም እንግዳ ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሬት ላይ የሚተከል ባለ ቀለም የኤልኢዲ ስፖት ላይት ነው። ሁለት ይበቃሉ። አንዱን ከግድግዳው ወይም ከዛፉ ግንድ አንድ ሜትር ያህል አርቃችሁ ትከሉና ወደ ላይ አዙሩት። ወደ መንገዱ አታዙሩት፤ የሚነዳውን ሰው ዓይን ይመታል።

አሁን በመብራቱና በግድግዳው መካከል አንድ የደረቀ ቅርንጫፍ አቁሙ። ጥላው ግድግዳውን ይሸፍናል። ቅርንጫፉን ወደ መብራቱ ስታስጠጉ ጥላው ይገዝፋል፤ ወደ ግድግዳው ስትገፉት ያንሳል፣ ጠርዙም ይጠራል። ከካርቶን የተቆረጠ ድመት ወይም የሌሊት ወፍም እንዲሁ ይሠራል። ከዚህ የሚረክስ ትልቅ ጌጥ አላውቅም።

የበረንዳውን አምፖል በብርቱካንማ ኤልኢዲ ቀይሩት። ሰው ሲያልፍ ቦግ የሚለው ነጭ የጥበቃ መብራት ካላችሁ ለዚያ ምሽት አጥፉት። የደከማችሁበትን ሁሉ በአንዴ የሚያጠፋው እሱ ነው። ደረጃው ላይ ግን አትሳሱ። ሐምራዊ ብርሃን የደረጃን ጠርዝ ይደብቃል፤ የሚመጣው ልጅ ደግሞ ጭምብል አድርጓል፣ ቀሚሱም ይጎተታል። ደረጃው ዳርና ዳር ሞቅ ያለ ነጭ የገመድ መብራት ዘርጉ።

የኤሌክትሪኩ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኤክስቴንሽኑ ለውጭ የተሠራ መሆኑ ላዩ ላይ የተጻፈበት ይሁን፤ ዩኤል የሚባለው የደኅንነት መርማሪ ድርጅት ምልክትም ይኑረው። የምትሰኩት መሞከሪያና መመለሻ ቁልፍ ባለው ሶኬት ላይ ነው፤ እርጥበት ሲነካው ራሱ ይቆርጣል። ገመድ ከገመድ የሚገናኝበት ቦታ ውሃ በሚቋጥር መሬት ላይ አይተኛ። ሰው በሚሄድበት ላይ ገመድ አታሳልፉ። በር ሥር ወይም መስኮት ሥር አታስጨንቁት። ቀጭን ሚስማር በገመዱ ላይ መምታት ፈጽሞ አይሆንም፤ ማንጠልጠያ ክሊፕ ይሸጣል። አሮጌዎቹ የሚሞቁ አምፖሎች ካሏችሁ ከሦስት ገመድ በላይ አትቀጣጥሉ። ኤልኢዲ ከሆነ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። ሰዓት የሚሞላለት ማብሪያ ብትገዙ ደግሞ በየማታው መውጣት ይቀርላችኋል።

በሩና ደረጃው

ለበር ቀላሉና የሚያምረው የወረቀት የሌሊት ወፍ ነው። ጥቁር ወፍራም ወረቀት በሦስት መጠን ቁረጡ፤ መዳፍ የሚያህል፣ ከዚያ የሚያንስ፣ ከዚያም የሚያንስ። ክንፉን ከመሐል አጠፍ አድርጉትና አካሉን ብቻ በፕላስተር ለጥፉ። ክንፉ ከግድግዳው ተነሥቶ ጥላ ይጥላል። አለጣጠፉ ላይ ነው ሙያው። ከበሩ አንድ ጥግ ጠቅጠቅ አድርጋችሁ ጀምሩና ወደ ላይ በሰያፍ እያሳሳችሁ ሂዱ። ከበሩ ተነሥተው የሚበሩ ይመስላሉ። እኩል ርቀት ከጠበቃችሁ ግን የግድግዳ ወረቀት ሆነ ማለት ነው።

የአበባ ጉንጉን በር ላይ መስቀል እዚህ የተለመደ ነው። ከአገር ቤት እንግዳ ከመጣ ግን አስቀድማችሁ ንገሩት። ለእኛ ጉንጉን አበባ ከሐዘን ጋር የተያያዘ ነው፤ «ማን ሞተ?» ብሎ እንዳይደነግጥ።

ደረጃው ላይ ዱባዎቹን በአንድ ወገን ደርድሩ። ሌላው ወገን ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል ክፍት ይሁን። ትልቁን ከታች፣ ትንንሾቹን ከላይ አድርጉ፤ ሦስት ወይም አምስት ሲሆኑ ጥንድ ጥንድ ከመሆን ያምራሉ። ነጭ ዱባና እንደ ቅል የተጠማዘዘው ባለ ጉብጉብ ቆዳ ዓይነት ቢቀላቀል ጥሩ ነው። በዚያ ወቅት በየሱቁ በር በድስት የሚሸጠው ማም የሚባለው አበባ ደግሞ ገና እምቡጥ ሳለ ይገዛ፤ የፈካውን ከገዛችሁ ለሃሎዊን አይደርስም። የበቆሎ አገዳ እስር ከመደገፊያው ምሰሶ ጋር በሲባጎ ይታሰራል። ገለባው ለመቀመጫም ለመደርደሪያም ይሆናል። ገለባና አገዳ ባለበት ሻማ አይታሰብም።

ዱባው

ዱባ የሌለበት ሃሎዊን የለም። በዓሉ የመጣው ከአየርላንድና ከስኮትላንድ ነው፤ ኖቬምበር 1 ከሚውለው የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ላይ። እዚያ ይፈለፈል የነበረው ተርኒፕ የሚባለው ትንሽ ጠንካራ ሥር ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ አሜሪካ የተሰደዱት አየርላንዶች ዱባን አገኙ፤ ትልቅ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ውስጡም ባዶ ነው። ዱባ የዚሁ አህጉር ተክል ነው። የእኛ ዱባ ወጥም ቢሆን ዘሩ ሲቆጠር ከዚህ ነው የተነሣው።

መቼ ይገዛ? ሙሉ ዱባ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ከወር በላይ ይቆያል፤ ስለዚህ በኦክቶበር አጋማሽ መግዛት ይቻላል። የተፈለፈለ ዱባ ግን ዕድሜው ጥቂት ቀን ነው። ሙቀት ካገኘው ከሦስት ቀን በኋላ ይላሽቃል። የዋሽንግተን ኦክቶበር ደግሞ አንዳንዴ በጋ ነው። ስለዚህ ቢላ የሚነሣው ከ28 በኋላ ነው። ልጆቹ ያለቅሳሉ፤ ያልቅሱ። እስከዚያ በቀለም እንዲሥሉበት ሌላ ትንሽ ዱባ ስጧቸው።

ከሱፐርማርኬት መግዛት ይረክሳል፤ እርሻ ሄዶ መልቀም ግን ለልጆቹ ሌላ ነገር ነው። ሜሪላንድ ጀርመንታውን ያለው በትለርስ ኦርቻርድ በዚህ የታወቀ ነው። ስትመርጡ ከመጠኑ ይልቅ የሚከብደውን እዩ። ቆዳውን በጥፍራችሁ ጫን አድርጉ፤ ከገባ ይቅርባችሁ። ሥሩን ገልብጡና ለስላሳ ቦታ ፈልጉ፤ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከአናቱ የሚወጣው እንጨት ደረቅና ጠንካራ ይሁን። በእንጨቱ ግን አታንሡት። ይሰበራል፤ እንጨት የሌለው ዱባ ደግሞ ቶሎ ይበሰብሳል።

አሁን ወደ ሥራው። ጋዜጣ ዘርጉ። አብዛኛው ሰው ክዳን ከላይ ይቆርጣል። እኔ ከሥር ወይም ከጀርባ መቁረጥን እመርጣለሁ። ከላይ የተቆረጠ ክዳን ሲደርቅ ይኮማተርና ወደ ውስጥ ይወድቃል። ከሥር ከተቆረጠ ግን ዱባውን አንሥቶ መብራቱ ላይ መድፋት ብቻ ነው። የግድ ከላይ ካላችሁ ቢላውን ወደ መሐል አጋድማችሁ ቁረጡ፤ ክዳኑ የሚያርፍበት ጠርዝ ያገኛል።

ውስጡን በጠንካራ የብረት ማንኪያ ፋቁ። ፍሬውን ለይታችሁ አስቀምጡ። ፊቱ የሚወጣበትን ወገን ውፍረቱ አንድ ኢንች፣ ማለትም ሁለት ሴንቲ ተኩል ያህል እስኪሆን ድረስ አሳሱት። ብርሃን የሚያልፈው በዚህ ነው፣ መቁረጡም ይቀላል። ከዚህ በላይ ካሳሳችሁት ይታጠፋል።

ሥዕሉን በወረቀት ላይ ሥሩ፣ ወረቀቱን ዱባው ላይ ለጥፉ፣ መስመሩን ተከትላችሁ በወስፌ ነጥብ ነጥብ አድርጋችሁ ውጉ። ወረቀቱ ሲነሣ ነጥቡ ይቀራል። ለመቁረጥ የወጥ ቤት ቢላ አትጠቀሙ፤ ይንሸራተታል። ለዱባ ተብሎ የሚሸጠው ትንሽ መጋዝ ርካሽ ነው፤ ጣትም አይቆርጥም ባይባል እንኳ ብዙ ያድናል። ከመሐል ካለው ትንሽ ነገር ጀምሩና ትልልቁን መጨረሻ ላይ ቁረጡ። ትልቁ ቀድሞ ከወጣ ዱባው ይላላል፤ ትንሹም ሲቆረጥ ይሰበራል። ልጆች ይፋቁ፣ ይሣሉ፤ መጋዙን ትልቅ ሰው ይያዝ።

ሁለት የእኛ የሆኑ ሐሳቦች ልጨምር። የመጀመሪያው ፊደል ነው። የልጁን ስም መነሻ ፊደል በዱባ ላይ ማውጣት ደስ ይላል፤ ጎረቤቱም ምን እንደሆነ ይጠይቃል። ግን ፊደል ሁሉ አይሆንም። ሀ፣ ለ፣ በ፣ ተ ክፍት ናቸው፤ ያለ ችግር ይወጣሉ። መ፣ ወ፣ ዐ፣ ፀ ግን የተዘጋ ቀለበት አላቸው፤ ዙሪያው ሲቆረጥ መሐሉ አብሮ ይወድቃል። ስሟ መቅደስ ከሆነ ቀለበቱ ላይ ያልተቆረጠ ቀጭን ድልድይ ተዉ። ወይም ጨርሶ አትብሱት፤ ቆዳውን ብቻ ፍቁ። የተፋቀው ቦታ ውስጡ መብራት ሲገባ እንደ ብርቱካን ይፈካል።

ሁለተኛው ድሪል ነው። ቢላ ጨርሶ አያስፈልግም። ሁለት ዓይነት ስፋት ያለው መብሻ ይዛችሁ የነጠላ ጥለት በዱባው ወገብ ዙሪያ በነጥብ ሥሩ፤ አልማዝ፣ መስቀል፣ ዚግዛግ። ሲመሽ ብርሃኑ በየቀዳዳው ይወጣል። ቀዳዳው ትንሽ ስለሆነ ዱባው ሰፊ ፊት ከወጣለት ይልቅ ይቆያል። አጋንንት መሳል ለማይፈልግ ቤት ከዚህ የተሻለ የለም።

ሲያልቅ ማቆያው እንዲህ ነው። በአንድ ጋሎን ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና ጨምሩና ውስጡንም ውጩንም እጠቡት፤ ሻጋታውን ያዘገየዋል። ገልብጣችሁ አድርቁት። የተቆረጠውን ጠርዝ ቫዝሊን ቀቡ፤ እንዳይደርቅና እንዳይኮማተር ነው። ቫዝሊን እሳት ስለሚይዝ በውስጡ እውነተኛ ሻማ አይገባም። በነገራችን ላይ፣ እውነተኛ ሻማ ባትጠቀሙ ምን ይቀርባችኋል? በባትሪ የሚሠራው ሻማ ዛሬ ሲንቀጠቀጥ ከእውነተኛው አይለይም። ሻማ ካልሆነ አይሆንም የምትሉ ግን ቫዝሊኑን ተዉት። ከላይ ጭስና ሙቀት መውጫ ቀዳዳ አብጁ፤ ዱባውን ከማንኛውም ጨርቅ፣ ወረቀትና ገለባ ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁት፤ አጠገቡም ሰው ይቀመጥ። ቀሚስ የለበሰች ልጅ ስታልፍ ጫፉ ገብቶ ይያያዛል።

ዛፍ ለዛፍ የሚሮጠው ባለ ጎፈሬ ጭራ እንስሳ፣ የስኩረል ነገርም አለ። የዋሽንግተን ስኩረል ዱባ ሲያይ አያልፍም፤ በአንድ ቀን አፍንጫውን ይበላዋል። መድኃኒቱ ቤታችሁ አለ፤ ሚጥሚጣ። በውሃ በጥብጣችሁ ውጩን ቀቡት። ዝናብ ሲዘንብ ያጥበዋል፣ እንደገና ቀቡ። የልጅ እጅ በሚደርስበት ግን አታድርጉ፤ እጁ ወደ ዓይኑ ይሄዳል።

ፍሬውን እጠቡ፣ በጨው ውሃ አሥር ደቂቃ ቀቅሉ፣ አድርቁ፣ ከዚያ በ350 ፋራናይት ኦቭን ላይ እያገላበጣችሁ ወርቃማ እስኪሆን ቁሉት። ጥሩ ቆሎ ነው፤ ለጽጌም ይሆናል። ዱባ ወጥ ያሰበ ግን ትልቁን የጌጥ ዱባ ይተወው። ውሃ ይበዛዋል፣ ጭራሮም ነው። ለወጥ ትንሹን፣ ሹገር ፓምፕኪን የሚሉትን ለብቻው ግዙ። ውጭ ያደረ፣ በረኪና የነካው ዱባ ወደ ድስት አይመለስም።

ሣሩ ላይ፦ የሽቦ ጎስት (የሙት መንፈስ)

ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ነገር በጥቂት ዶላር ማቆም ለሚፈልግ ሰው ይህ ነው። ቲማቲም የሚደገፍበትን ሾጣጣ ሽቦ ውሰዱ፤ በመኸር ወቅት አትክልተኞች ይጥሉታል። ሰፊውን አፍ መሬት ላይ ድፉት። ወደ ላይ የቆሙትን እግሮች አንድ ላይ እሰሯቸው፤ ጭንቅላት ሆነ። ነጭ የኤልኢዲ ገመድ ከውስጥ ጠምጥሙበት። ላዩን ያረጀ ነጭ አንሶላ አልብሱት። ዓይንና አፍ ከጥቁር ጨርቅ ቆርጣችሁ ስፉ ወይም ለጥፉ። ሥሩን በድንኳን ችንካር መሬት ላይ ያዙት፤ አለዚያ ነፋስ ጎረቤት ቤት ያደርሰዋል። ሦስት በተለያየ ቁመት ከቆሙ ቤተሰብ ይመስላሉ። አንሶላ ብያለሁ፤ የእናታችሁን ነጠላ እንዳትነኩ።

አፅም ለሚወዱ አንድ ቃል። ሣሩ ላይ አጥንት ከመበተን ይልቅ አንድ አፅም አንድ ሥራ ላይ አድርጉት። ጋዜጣ ያንብብ፣ ሣር ይጨድ። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከጀበና ቡና ሲቀዳ ብታሳዩት የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ ፎቶ ይነሣበታል፤ እናቴ ብታየው ግን ቤቱን ጸበል ታስረጨዋለች።

በከረጢት የሚሸጠው የጥጥ ሸረሪት ድር ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ በጣም ይወጠር። ከከረጢቱ የወጣ ጉማጅ እንደ ፈሰሰ ጥጥ ነው የሚመስለው፤ እያሳሳችሁ እስኪቀደድ ሳቡት። ሁለተኛ፣ ዛፍና ቁጥቋጦ ላይ አታድርጉት። ትንንሽ ወፎችና ንቦች ይያዙበታል። በረንዳው ጣሪያ ሥርና መስኮት ውስጥ ብቻ ይሁን። ውጭ ከፈለጋችሁ ከወፍራም ነጭ ገመድ በሰፊው ሥሩት፤ ወፍ አይታሰርበትም፣ ከመንገድም ይበልጥ ይታያል።

አፓርታማ ለሚኖር

ኮሪደር ላይ ዕቃ ማስቀመጥ በብዙ ሕንፃ በእሳት አደጋ ደንብ የተከለከለ ነው። ስለዚህ የናንተ ቦታ በሩና መስኮቱ ነው። በሩ ላይ ሚስማር አትምቱ፤ ሲነሣ ቀለም የማይልጠው ኮማንድ የሚባለው ተለጣፊ ማንጠልጠያ አለ።

መስኮቱ ግን ሀብት ነው። ከጥቁር ካርቶን ድመት፣ ዛፍ፣ ቤት ቆርጣችሁ መስታወቱ ላይ ከውስጥ ለጥፉ። ከኋላው የዳቦ መጋገሪያ ነጭ ወረቀት አድርጉ። ከዚያ ብርቱካንማ ኤልኢዲ አምፖል ያለው መብራት ወደ ወረቀቱ አዙሩ። ብርሃኑ እኩል ይሰራጭና ጥቁሩ ቅርጽ ጎልቶ ይወጣል። አራተኛ ፎቅ እንኳ ከመንገድ ይታያል። በረንዳ ካላችሁ መደገፊያው ላይ መብራት ጠምጥሙ እንጂ ሊወድቅ የሚችል ዱባ አታስቀምጡ።

በምሽቱ

በዋሽንግተን ኦክቶበር 31 ፀሐይ የምትጠልቀው ከአሜሪካው 6 ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል ነው፤ በእኛ ማታ 12 ማለት ነው። ትንንሾቹ ሳይጨልም ይጀምራሉ፣ ትልልቆቹ በአሜሪካው እስከ 8 ሰዓት፣ ከዚያም በላይ ይመጣሉ። የበረንዳ መብራት በርቷል ማለት ኑ ማለት ነው። ከረሜላ ሲያልቅ ወይም ሲሰለቻችሁ አጥፉት፤ ማንም አያንኳኳም፣ ማንም አይቀየምም።

ከመምሸቱ በፊት ደረጃው ላይ የረገፈውን እርጥብ ቅጠል ጥረጉ፤ እንደ ሙዝ ልጣጭ ያንሸራትታል። ውሻ ካላችሁ ወደ ኋላ ክፍል አስገቡት። ጭስ ለማውጣት ደረቅ በረዶ የምታስቡ ካላችሁ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆኑን አትርሱ። በባዶ እጅ አይያዝ፣ ልጅ አይቅረበው፣ በተዘጋ ክፍል አይቀመጥ።

ከረሜላው በፋብሪካ የታሸገ ይሁን፤ የቤት ጋገራ ወላጆች ይጥሉታል። ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ቀለም የተቀባ ዱባ በር ላይ ካያችሁ ትርጉም አለው። እዚያ ቤት የምግብ አለርጂ ላለበት ልጅ የማይበላ ስጦታ አለ ማለት ነው። ልማዱ ከቴነሲ የተነሣ ሲሆን፣ በ2014 ፌር የሚባለው የአለርጂ ድርጅት በመላ አገሪቱ አስፋፋው። አንድ ትንሽ ዱባ መቀባት ቀላል ነው። ተለጣፊ ሥዕል፣ እርሳስና የሚያበራ አምባር በሌላ ሳህን ለብቻ አድርጉ፤ ከከረሜላው ጋር አይቀላቀል።

ብዙ ጎረቤት በዚያ ምሽት ወንበር አውጥቶ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። በሩን በየደቂቃው ከመክፈት ይሻላል፣ ከሰውም ያስተዋውቃል። ቡና ማፍላት ለሚያምረው ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ ግን የከሰል ምድጃና የዕጣን ማጨሻ ከገለባው አጠገብ አይሁን። በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉ።

ማንሣት

የተፈለፈለው ዱባ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ይነሣ። ከላሸቀ በኋላ ደረጃው ላይ የማይለቅ ምልክት ይተዋል። ሻማውንና ሽቦውን አውጥታችሁ ወደ ኮምፖስት ወይም ካውንቲው የጓሮ ቆሻሻ በሚወስድበት ቀን አውጡት፤ የሚቀበሉበት ደንብ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ቀለም የተቀባው ወደ ተራ ቆሻሻ ነው። ለአጋዘን ብላችሁ ጫካ አትጣሉት። ያልተቆረጡት ዱባዎች፣ ገለባውና አበባው ግን እዚያው ይቆዩ። የሌሊት ወፎቹን ብቻ ንቀሉ፤ ለታንክስጊቪንግ ዝግጁ ናችሁ።

ኖቬምበር 1 ጠዋት ሱቅ ሂዱ። የሃሎዊን ዕቃ በግማሽ ዋጋና ከዚያም በታች ይወርዳል። ከረሜላ ሳይሆን ስፖት ላይትና የባትሪ ሻማ ግዙ። ስታስቀምጡ ባትሪውን ከሁሉም አውጡ፤ ዓመት ውስጡ ከቆየ ይፈስና ዕቃውን ይበላዋል። የገመድ መብራቱን ቁራጭ ካርቶን ላይ ጠምጥሙት፤ ጫፉ ላይ የትኛው መስኮት ወይም ደረጃ እንደሆነ በፕላስተር ጽፋችሁ ለጥፉ።